ስለ መዝጊያ ዜማ

በቤታችን ያሉት ልጆች ናሩቶ የተባለውን የጃፓን አኒሜ ሲመለከቱ፥ ታሪኩ ባለቀ ጊዜ የመዝጊያውን ዜማ ዘልለው ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳሉ። ይህ የሥዕል ፊልም ከ1995 እስከ 1999 ዓመተ ምሕረት በ220 ክፍል የታየ ሲሆን፥ 15 የመዝጊያ ዜማዎች ነበሩት። ከነዚህ ሁሉ እኔ የምመርጠው አኬቦሺ የዘፈነውን የፊተኛውን ነው፤ ከጦርነቱ ጫጫታ በኋላ ልብን ቀስ አድርጎ ያሳርፋልና። ደግሞም ዜማው ሲሰማ የሚያልፈው ጽሕፈት ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ስም ነው።

በጨፋ ሮቢት በሐድራ የተቀመጠ ሰው፥ መንዙማው ቢያልቅም ዱዓው ሳይደረግ መነሣት አይወድም፤ ምርቃቱ በመጨረሻ ነውና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችን እስከ ፍጻሜው ተቀምጠው የደከመላቸውን ሰው ስም ያነቡ ዘንድ እናስተምራቸው። ምስጋና የሚለመደው በእንደዚህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።