ተራዋ ወይስ ኤሷ?



መኪና መግዛቴን የሰሙ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሰሞኑን እየደወሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፦ «ቲቸር፣ ፖርሽ ከገዙ አይቀር ለምን ኤሷን አልገዙም?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መኪና የማይወድም ሰው ከመሀሉ የሚሆነው ነገር አያጣም፤ «ትንሹን ልውሰድ ወይስ ትልቁን» የሚለው ጥያቄ በቤትም፣ በስልክም፣ በሠርግ ድግስም የሚመጣ ነውና።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ፖርሽ ካይማን ትባላለች፤ የእኔ የ2007 ሞዴል ናት። ሁለት መቀመጫ ብቻ ነው ያላት። ኮፈኑን ብትከፍቱ ሞተር አታገኙም፤ የሻንጣ ቦታ ነው። ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ለፊት ተቀብሯል። ይሄ ለጌጥ አይደለም። 11ኛ ክፍል ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። ሁለት ጀሪካን ውሃ በዱላ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ የተሸከመ ሰው ቶሎ ዞር ማለት አይችልም፤ ሲዞርም ቶሎ መቆም አይችልም። ጀሪካኖቹን ደረቱ ላይ ቢያቅፋቸው ግን ክብደቱ ያው ሆኖ መዞሩ ይቀለዋል። ካይማን ጀሪካኑን ደረቷ ላይ ያቀፈች መኪና ናት። ኩርባ ላይ የምትወደደው በዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ጸባይ በተራዋም በኤሷም እኩል አለ።

አሁን ወደ ልዩነቱ። በ2006 ሞዴል መጀመሪያ የወጣችው ካይማን ኤስ ናት፤ ባለ 3.4 ሊትር ሞተር፣ 295 የፈረስ ጉልበት። ተራዋ ካይማን በሚቀጥለው ዓመት መጣች፤ 2.7 ሊትር፣ 245 የፈረስ ጉልበት። የማዞር ኃይላቸው (ቶርክ የምንለው) 340 እና 273 ኒውተን ሜትር ነው። ኤሷ ቸርኬዋ 18 ኢንች፣ ተራዋ 17። የኤሷ የፊት ፍሬን ዲስክ 318 ሚሊሜትር፣ የተራዋ 298። የኤሷ የፍሬን ካሊፐር ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ የተራዋ ጥቁር ነው። ካምቢዮው ማንዋል ከሆነ ኤሷ ባለ 6 ማርሽ ናት፤ ተራዋ በመደበኛው 5 ነው ያላት። ከዜሮ ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ለመድረስ ኤሷ 5.4 ሰከንድ፣ ተራዋ 6.1 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በቃ ልዩነቱ ይሄው ነው፤ እና ከኋላ የተለጠፈችው ፊደል።

ስለ ፊደሏ ትንሽ ልበል። ሀገር ቤት እያለን መኪና የሚመረጠው በሲሲ ነበር። ከ1300 ሲሲ በታች ከሆነ ቀረጡ ቀለል ስለሚል ቪትዝ የያዘ ሰው ብልህ ተብሎ ይመሰገናል እንጂ «ለምን ትልቁን አልገዛህም» የሚለው የለም። እዚህ ስንመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ስካይላይን አካባቢ ቡና ለመጠጣት ብታቆሟት አንዱ ዞር ብሎ የኋላዋን ያነብባል፤ ኤስ ከሌለ «አይ፣ ተራዋ ናት» ይላል። በክፋት አይደለም። ግን ያቺ አንዲት ፊደል ስንት ሰው ያላሰበውን ብድር ውስጥ እንዳስገባች ይታየኛል።

እኔ ለምን ካይማን? ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከደሴ መጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ዋሽንግተን መሀል ፓርኪንግ ነበር። የሰው ፖርሽ ተቀብዬ ምድር ቤት አውርጄ አቆማለሁ፤ ማታ መልሼ አወጣለሁ። የእኔ ድርሻ 40 ሜትር ነው። ያን 40 ሜትር በአንደኛ ማርሽ እየነዳሁ፣ ሞተሩ ከጀርባዬ ሲያጉረመርም እየሰማሁ፣ አንድ ቀን ይቺን መኪና ከዚህ ጋራዥ አውጥቼ ተራራ ላይ እነዳታለሁ እል ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔ ቀልድ አይደለም። ዓመታት ቆጥቤ፣ እቁቤም ደርሶኝ፣ 26 ሺህ ዶላር ያዝኩ።

ሁለት መኪና አገኘሁ። አንዷ የ2006 ካይማን ኤስ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ 26 ሺህ። ሌላዋ የ2007 ተራ ካይማን፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ 19,500። ሁለቱም ማንዋል፣ ሁለቱም የጥገና ደረሰኛቸው በዶሴ የተቀመጠ። በአንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ነዳኋቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ኤሷ ደስ ትላለች። የ0.7 ሰከንዱ ነገር አይደለም። በየዕለቱ መንገድ ላይ ሰው የሚሰማው የፈረስ ጉልበቱን ሳይሆን ቶርኩን ነው። 340 ኒውተን ሜትር ማለት ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ነዳጁን ረገጥ ስታደርጉ ማርሽ ሳትቀንሱ መኪናዋ ትነሳለች። ተራዋን ለዚያ አንድ ማርሽ ማውረድ አለባችሁ። ኤሷ የፈለጋችሁትን ሳትጠይቋት ትሰጣለች፤ ተራዋ ሥሩ ትላለች።

ግን እዚህ ላይ ነው የፊዚክስ አስተማሪነቴ የመጣው። ያን ጉልበት የት ነው የምጠቀምበት? የማውቀውን መንገድ በሙሉ አሰብኩ። በቨርጂኒያ በኩል ያለው ቤልትዌይ ገደቡ 55 ማይል ነው፤ ጠዋት ጠዋትማ 15ም አይሞላ። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከገደቡ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ እንደ ተራ የትራፊክ ቅጣት የሚታይ አይደለም። ሬክለስ ድራይቪንግ ይባላል፤ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። መዝገብ ላይ ይጻፋል። በተለይ የዜግነት ወረቀታችሁን ገና የምትጠብቁ ልጆቼ ይቺን ደግማችሁ አንብቧት። ሁለቱም መኪናዎች ደግሞ ወደ ሀይዌይ መግቢያዋ ላይ ገና ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያሉ 55 ማይል ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት በሙሉ፣ የተራዋም የኤሷም፣ ሕግ ፊት ጥቅም የለውም።

ሌላም አለ። የእንቅስቃሴ ኃይል በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስንት ጊዜ ጽፌላችኋለሁ! ከ55 ወደ 85 ማይል ስትሄዱ ፍጥነታችሁ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ጨመረ፤ ፍሬኑ ማቆም ያለበት ኃይል ግን 2.4 እጥፍ ገደማ ሆነ። ቀይ ቀለም ይሄን ስሌት አይቀይረውም።

ልሄድበት የምመኘው ስካይላይን ድራይቭ፣ ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ያለው መንገድ፣ 105 ማይል ይረዝማል። ኩርባ በኩርባ ነው፤ ታች ሸለቆው ይታያል፤ ትንሽ ትንሽ የደሴን መንገድ ይመስላል። የፍጥነት ገደቡ ግን 35 ማይል ነው። እዚያ ላይ ትንሹን ሞተር ማርሽ እያወጣሁ እያወረድኩ፣ ድምፁን እየሰማሁ እሠራዋለሁ። ትልቁ ግን ገና ሳይነቃ ገደቡ ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ገንዘቡ። ሁለቱንም መኪና አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ያለው የሀገራችን ልጅ የሆነ መካኒክ እንዲያይልኝ ከፈልኩ። የዚህ ዘመን ካይማን ሁለት የታወቁ ነገሮች አሉት። አንደኛው ከሞተሩ መሀል የሚያልፈው ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ አይኤምኤስ ይሉታል። በካይማን ላይ ያለው ከድሮዎቹ ቦክስተሮች ይልቅ ትልቅና ጠንካራ ስለሆነ የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው፤ ግን ለመቀየር ሞተሩን ለሁለት መክፈት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሲሊንደር ግድግዳ መቧጨር ነው። ፒስተኑ ግድግዳውን እየፋቀ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ መጨረሻው ሞተር ማውረድ ነው። ይሄኛው በ3.4ቱ ላይ ከ2.7ቱ ይልቅ በብዛት የሚታይ ችግር ነው።

መካኒኩ ሻማ ፈትቶ በቀጭን ካሜራ የሁለቱንም ሲሊንደሮች አየ። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው አለኝ። ምን ልበላችሁ፣ ትንሽ ቅር አለኝ። ኤሷ ላይ አንድ ጭረት ቢያገኝ ኖሮ ሰበብ አገኝ ነበር። አሁን ግን ሁለት ደህና መኪናዎች ፊቴ ቆሙ፤ ምርጫው የእኔ ሆነ።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሰከንዱም ስለ ቶርኩም አልጠየቀችኝም። «ያቺ ባለ 26 ሺዋ ብትበላሽ ከየት ነው የምትከፍለው?» አለችኝ። 26 ሺሁን ከፍዬ ስጨርስ በእጄ የሚቀረው ምንም ነው። ከምንም ላይ ሞተር አይወርድም። የሚቀረው የልጃችን የኮሌጅ ገንዘብና ለእናቴ የምልከው ነው። እናቴ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትገዛው ከዚያ ነው። መድኃኒቷ አንድ ወር እንኳ በመኪና ምክንያት ቢዘገይ ያቺን መኪና ቁልፏን ማየትም አልፈልግም። ተራዋን ብገዛ ግን 6,500 ዶላር ይተርፋል። ያ ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ የመኪናዋ ግማሽ አካል ነው። አሮጌ የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ነው የሚገዛው፤ መኪናዋንና ጥገናዋን። የመጀመሪያውን ብቻ የገዛ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። ይቺ መኪና የኮሮላን እጥፍ ያህል ዘይት ትጠጣለች፤ ጎማዋ የፊቱና የኋላው መጠን ይለያያል፤ ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት።

ስለዚህ ተራዋን ገዛሁ። 6,500ው ለብቻው ሒሳብ ገብቶ ተቀመጠ።

እንዲህ ስል ኤስ የገዛ ሰው ሞኝ ነው ማለቴ አይደለም። ሰመት ፖይንት ዓይነት የውድድር ሜዳ ላይ ወስዶ የሚነዳ ሰው ትልቁ ፍሬን በእውነት ይጠቅመዋል፤ እዚያ ፍሬን በተደጋጋሚ ስለሚግል ትልቅ ዲስክ ሙቀቱን ይሸከማል። ሲሸጥም ኤሷ ቶሎ ገዢ ታገኛለች። ገዝቶም ለጥገና የሚተርፈው ሰው ካለ፣ እሰየው፣ ይግዛ። ገንዘቡ ጨመር ላለለት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ ከ2009 ወዲህ ያለችውን ተራዋን ማየት። ያቺ 2.9 ሊትር፣ 265 የፈረስ ጉልበት ናት፤ ሞተሩም አዲስ ንድፍ ስለሆነ አይኤምኤስ የሚባለው ኩሽኔታ ጭራሽ የለውም። አሮጌ ኤስና አዲስ ተራ በዋጋ ሲቀራረቡ እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ አዲሷን ተራ እወስዳለሁ።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ የምመክራችሁ ይሄ ነው። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት የጥገና ዶሴውን ጠይቁ። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱትና ጆሯችሁን ስጡ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲሊንደሩን በካሜራ ሳታሳዩ ብር አትቁጠሩ። የኢንሹራንሱን ዋጋ ለሁለቱም ቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ከገንዘባችሁ ላይ ለጥገና አንድ አራተኛውን ቀንሱና በቀረው ምን እንደሚገዛ እዩ። በዚያ ሒሳብ ኤሷ ከደረሰች፣ ውሰዷት። ካልደረሰች ተራዋም ፖርሽ ናት።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። «አባዬ፣ ኤስ የሚለውን ፊደል ኦንላይን ይሸጡታል፤ ገዝቼ ልለጥፍልህ?» አለኝ። እምቢ ብየዋለሁ። ማንዋል ግን እያስተማርኩት ነው፤ እሁድ እሁድ ባዶ ፓርኪንግ ሜዳ ላይ። እስካሁን ሞተሩን 11 ጊዜ አጥፍቶታል። የሚቀጥለው ወር ቅጠሉ ሲቀላ ወደ ስካይላይን ድራይቭ እንወጣለን። እናንተ ዘንድ ደግሞ «ትንሹን ወይስ ትልቁን» ብላችሁ የተጨነቃችሁበት ነገር ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ እኔም ጊዜ ሳገኝ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ። ቀበቷችሁን እሰሩ።