የሲሚንቶ ከረጢት ላይ የቀረው ገደል

ሥዕል የጀመርኩት በእንቁጣጣሽ ነው። ነሐሴ ሲገባ የሰፈራችን ወንዶች ልጆች ከደብተር ገጽ እየገነጠልን ፀሐይና አደይ አበባ፣ ክንፋቸውን የዘረጉ መላእክት እንስል ነበር። መስከረም 1 ማለዳ ሥዕላችንን ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን፤ እናቶችም ዳቦና ሳንቲም ይሰጡናል። የእኔ መላእክት ዓይናቸው ትልልቅ ነበር። ያንን ዓይን ያገኘሁት ከጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነው።

ለሐምሌ ሥላሴ የወሰደችኝ አያቴ ናት። «ቀና በል ልጄ፤ እነሱም እያዩህ ነው» አለችኝ። አንገቴ እስኪደነዝዝ አየኋቸው። ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን አንድ አረጋዊ መሪጌታ ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ የነገሩኝ ነው። «ግንቡ ላይ የተሳለ እንዳይመስልህ። ሸማ ነው፤ ተለጥፎ ነው» አሉኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ፣ ቀለሙ ሳሳ ባለበት ጠርዝ በኩል ድርና ማጉ ይታያል። እንደ አያቴ ነጠላ ያለ ጥጥ! ሥዕል ከቀለም ሌላ ጨርቅም፣ ሙጫም፣ ግድግዳም መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ በጭነት መኪናው ይዞኝ ወደ ሰሜን ወጣ። ጋሼ ነበር የምለው። ወሩ መስከረም ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ገብሱ አረንጓዴ፣ ዳገቱ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ደባርቅ አድረን በማግሥቱ ጣልያን የቀደደውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መውረድ ጀመርን። ፍሬኑ እስኪበርድ አንዱ መታጠፊያ ላይ ቆምን። ከእግራችን ሥር ጉሙ እየፈላ ይወጣል፤ ተራሮቹ በመሐሉ ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። ደብተሬን አውጥቼ ሞከርኩ፤ እርሳሱ ምንም አልያዘልኝም።

ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ነጩን ጉም በነጭ ወረቀት ላይ ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ። ከመኪናው ላይ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አወረደ፣ አራግፎ በቢላዋ ሰነጠቀውና ድንጋይ ላይ ዘረጋልኝ። ኪሴ ውስጥ ከትምህርት ቤት የቀረ ጠመኔ ነበር። በጠመኔው ጎን ጉሙን ብቻ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት፤ ቡኒው ወረቀት ራሱ ገደል ሆኖ ቀረ። ገደሉን አልነካሁትም። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነጭ ወረቀት ተውኩ። ጎንደር ፒያሳ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ሰማያዊ፣ ብርቱካንማና ጥቁር ወረቀት እየገዛሁ፣ አያቴ በዱቄት በምትሠራልኝ ሙጫ ስድስቱን፣ ስምንቱን እያያያዝኩ ከቁመቴ በላይ አደርገው ነበር። ወለሉ ስለሚሞላ እሷ በጥግ በጥግ ታልፍ ነበር፤ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ከተራራው፣ ከሳንቃ በር ስመለስ የጭላዳ ዝንጀሮውን ደረት ከቀይ ወረቀት ቀድጄ ለጠፍኩት፤ ጸጉሩን በከሰል፣ የጅብራውን ግንድ በውሃ ቀለም ሠራሁት። ከዚያው ተራራ፣ ከጊች ያመጣሁትን ጓሳ ሣር እንዳለ በሙጫ አጣበቅሁት። በወሩ አረንጓዴው ደርቆ ገለባ መሰለ፤ ሥዕሉም የክረምቱን ጊች ትቶ የበጋውን ሆነ። ባልነካውም ተለውጦ የተሻለው ሥራዬ እሱ ነው።

በኋላ ስለ ጎንደር ሠዓሊዎች ሳነብ ሰዎቼን ያገኘሁ መሰለኝ። የመጀመሪያው የጎንደር ሥዕል መደቡ ልሙጥና ደማቅ ነው፤ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ያበበው ሁለተኛው ደግሞ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ የሚሸጋገር መደብ አለው። ቅዱሱ የሚቆመው በቀለም መካከል ነው።

ደግሞም ያዘንኩበትን አነበብኩ። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን የጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቆ ወሰደ፤ በቦታቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣለውን ቅጂ ተከለ። እንዲላቀቁ ያመቻቸው ያው ሸማነታቸው ነው። መሪጌታው ያሳዩኝ ድርና ማግ ትዝ አለኝ። ዛሬ ያሉት ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው፤ ወደ ጎንደር መመለስ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

አያቴም ጋሼም ዛሬ የሉም። የሲሚንቶው ከረጢት ግን አለ፤ ጠመኔው እንዳይረግፍ በስስ ወረቀት ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ መላእክቱን አይታችሁ ብቻ አትውጡ፤ ወደ ግድግዳው ቀረብ በሉና፣ እጃችሁን ሳታሳርፉ፣ የሸማውን ጠርዝ ፈልጉት።