ከምን እንደተሠራ ሳልጠይቅ

«ባትሪ ሙልጭ ብሎ ካላለቀ ቻርጅ አይደረግም» የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ለዓመታት ስከተለው ኖርኩ። ማታ ስልኬ እስኪጠፋ እጠብቅና ሰክቼው እተኛለሁ፤ ጠዋት መቶ ፐርሰንት ሞልቶ፣ ትራስ ሥር ግሎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን የጀርባ ክዳኑ አልገጥም አለኝ። ስልክ ጠጋኙ ባትሪውን አውጥቶ መስታወቱ ላይ አጋደመና በጣቱ ገፋ ቢያደርገው እንደ እንዝርት ሾረ። «አብጧል እህቴ፤ ደህና ባትሪ እንዲህ አይዞርም» አለኝ።

ምክሩ ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ የወጣ ነበር፤ እሱ ሳያልቅ እየተደጋገመ ከተሞላ አቅሙ ይቀንሳል። የእኔ ግን ሊቲየም አዮን ነው። በውስጡ ያለው፣ ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ያስተዋወቁት ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ እጅግ ስስ በሆኑ ንብርብሮች የተደራረበ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ከንብርብሮቹ መካከል ወጥቶ በሌላው ወገን ወዳለው ግራፋይት ይሻገራል። ከግማሹ በላይ ብዙ ከወጣ ግን ንብርብሩ ይናጋል፤ በተለምዶ 4.2 ቮልት ላይ እንዲቆም የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሞልቶ፣ ያውም ግሎ ሲያድር በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ይሠራል። እብጠቱ ያ ጋዝ ነው። እኔ ሲሞላ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አብዝቶ የሚጨነቀው ያኔ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ መምከር ጀመርኩ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛውን የአክስቴን ልጅ «ከ80 ፐርሰንት አታሳልፈው» ብዬ አስጨነቅሁት። አምኖኝ እንዳልኩት አደረገ። ከወራት በኋላ ልጆቹን ይዞ ቃሊቲ አካባቢ ሲደርስ ጠቋሚው በአንዴ ከ20 ወደ ጥቂት ፐርሰንት ወረደበት።

የእሱ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ኖሯል። ይህም በ1990ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ከዚያው ከጉድኢናፍ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። ኮባልትም ኒኬልም አይፈልግም፤ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ረጅም ዘመን ያገለግላል። በክብደቱ ልክ የሚይዘው ኃይል ግን ያንሳል። ቮልቴጁ ደግሞ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 3.2 አካባቢ ስለሚረጋ፣ ምን ያህል እንደቀረ ኮምፒውተሩ በትክክል ለመገመት ይቸገራል። አልፎ አልፎ መቶ ድረስ መሞላት ያለበት ለዚህ ነው። በሌላም ቁስ ጥቅሙ ከነጉዳቱ ነው፤ በግራፋይቱ ቦታ የሚገባው ሲሊከን በክብደቱ ከግራፋይት ወደ አሥር እጥፍ ሊቲየም ይይዛል፤ ሲሞላ ግን አብጦ ወደ ሦስት እጥፍ ስለሚያድግ እየተሰነጣጠቀ ያልቃል። እስካሁን በብዛት ከግራፋይት ጋር በጥቂቱ ተቀላቅሎ የሚገባውም ለዚህ ነው።

የአክስቴን ልጅ ይቅርታ ጠይቄ ያን ሌሊት እስከ መቶ እንዲሞላው ነገርኩት። ጠዋት ደወለልኝ፤ «ቁጥሩ ተስተካክሏል። የባለቤቴንም ስልክ እንዲሁ እናሳድረው?» አለኝ።

«ኧረ እሱን ተዉት! የእሷ ኮባልት ነው» አልኩት።