የጠፈሩ ሽፍታና የአጎቱ እጅ

ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነርስ ነኝ። የምኖረው ከቆቦ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሮቢት ከተማ፣ ከልጆቼና ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው። ባለፈው ክረምት የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ ዓይኑን ከስልክ ላይ አልነቅል አለ።

«ምንድን ነው የምታየው?» አልኩት።

«ኮብራ ነው እምዬ፤ የጠፈር ሽፍታ!»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ቀይ ልብስ የለበሰ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ ሞት ፊት ቆሞ የሚቀልድ ጎረምሳ ነው። ሥዕሉ የድሮ መሰለኝ። እውነትም ታላቅ እህቱ ፈልጋ እንደነገረችኝ፣ ቡይቺ ቴራሳዋ የተባለ ጃፓናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሔት የጀመረው ታሪክ ነው። በ1982 ደግሞ በቴሌቪዥን መታየት ጀምሮ በ31 ክፍል ተጠናቋል።

እውነቱን ልናገር፣ ስልኩን ልቀማ እጄን ዘርግቼ ነበር። ሳል የያዘውን ሁሉ «ሲጋራ ተው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሴቶቹም እርቃናቸውን ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። በዚህ መሐል ሽፍታው ግራ እጁን ከክርኑ በታች መዝዞ አወጣው። ለካ እጁ ሰው ሠራሽ ነው፤ ከሥሩ ጠመንጃ ተደብቋል። ልጁ ከስልኩ ቀና ብሎ ግቢውን ተሻግሮ አጎቱን አየ።

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍና ሲመለስ ማሳው ላይ ብዙ ብረት ጥሎ ሄዷል። ታናሹ ልጄ ማሽላ ሊዘራ ሲያርስ፣ ሳይፈነዳ የቀረ ነገር ግራ እጁን ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ በሙቀቱም ቢሆን ጋቢውን ከትከሻው አያወርድም። ሌሊት የሌለችው እጁ ታሳክከዋለች፤ ያቃጥለኛልም ይላል። ይህ በሕክምና የታወቀ ነው፤ ነርቩ የተቆረጠውን እጅ ቶሎ አይረሳም። ደሴ ባለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እጅ እንዲሠራለት ስወተውተው ግን «የእንጨት እጅ ምን ያደርግልኛል?» እያለ ዘጋኝ።

«እምዬ፣ የአጎቴ እጅም ጠመንጃ ይኖረዋል?» አለኝ ልጁ።

ስንቱን ቁስለኛ ያጽናናሁ ሴት መልስ አጣሁ። አጎቱ ግን ሰምቶ ኖሮ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለት ክፍል አብሮት አየ። ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አደረገና «እኔ ጠመንጃ ምን ያደርግልኛል? በአንዱ እጄ እርፍ፣ በአንዱ ጅራፍ የምይዝበት ብቻ ይስጡኝ» አለ። ልጁ የተቆረጠውን ቦታ ያኔ መጀመሪያ ነካው።

እኔም አሁን የማውቀውን ማስረዳት ቻልኩ። በቀበቶና በሽቦ የሚሠራ እጅ አለ፤ በሌላው ትከሻ ሲስቡት ይከፈትና ይዘጋል። ግን እንደ ኮብራ ወዲያው አይለመድም። ትዕግሥትና ልምምድ ይጠይቃል፤ የተቆረጠውም ክፍል በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ እንዳይላጥ መታየት አለበት። ልጁ ሳሙናውንና ፎጣውን ማቀበል የእሱ ሥራ እንደሚሆን ነገረን።

ወላጆችና አያቶች፣ ኮብራን ለልጅ ብቻውን ስጡት አልልም፤ ለትልልቅ ሰዎች የሚሆን ነገር አለበት። እኛም ቤት ደንብ አውጥተናል፤ የሚታየው ከአጎቱ ጋር፣ ሳሎን ውስጥ ነው። በሲጋራውም ነገር እኔ ሳልናገር አላልፍም። ስልኩን ቀምቼው ቢሆን ኖሮ ግን ያን ጥያቄ ማን ይጠይቅልኝ ነበር? እኛ አዋቂዎቹ ያንን እጅ ላለማየት ስንት ወር ዓይናችንን ስናሸሽ ከርመናል።

ለመስቀል ማግስት ደሴ ለመሄድ ተስማምቷል። ልጁም ካልሄድኩ ብሏል፤ ትምህርት ቤት ማስፈቀዱ የእኔ ዕዳ ሆኗል።