ጥንቸል በቀበሮ ትበላለች

ወንድማማቾችና እህትማማቾች ነን። ኑሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ በትኖናል፤ ገሚሳችን ሰበታ፣ ገሚሳችን ቡራዩ፣ ገሚሳችን ሱሉልታ እንኖራለን። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ቢጠቃለሉም እኛ ዛሬም የምንጠራቸው በየስማቸው ነው። በወር አንድ ቀን በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ዙህር ተሰግዶ ምሳ ከተበላ በኋላ ከልጆቹ አንዱ የጋዜጣ ወይም የመጽሔት የሳይንስ ዓምድ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ልማዱን ያስጀመሩን አባታችን ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ንባብ የሚያገኙት በጆሯቸው ነው። ውድ አንባብያን፣ ሐቁን እንናገር ከተባለ ከሳይንሱ ይልቅ ቤት ድረስ የሚከተለን ሳቁ ነው።

አንድ ጊዜ ቡራዩ ላይ ስለ ምግብ ሰንሰለት ይነበብ ነበር። ጽሑፉ «ጥንቸል ሣር ትበላለች፤ ጥንቸል በቀበሮ ትበላለች» ይላል። የአራተኛ ክፍሉ አንባቢያችን ሁለቱንም «ትበላለች» አላልቶ አነበባቸው። ጥንቸሊቱ ሣሩን በላች፣ ቀጥላም በቀበሮ በላች! አባታችን «ልጄ፣ በቀበሮ ደግሞ እንዴት ይበላል?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ምንም አልደነገጠ። «አባባ፣ እኛስ ወጡን በእንጀራ እንበላ የለ?» አላቸው።

ሰበታ ላይ ደግሞ ተራው የዓሣ ነበር። ከተማዋ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለባት ናትና ልጆቹ ስለ ዓሣ ሲሆን ጆሯቸው ይቆማል። «የቆሮሶ ዋና ምግብ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፅዋት ናቸው» የሚለውን አንዷ ልጃችን «ና»ን አላልታ ስታነበው ነገሩ ቆሮሶ እየዋኘ የሚበላው ምግብ ሆነ። ደግሞስ ምን ሐሰት አለው? ቆሮሶ ተቀምጦ ሲበላ ማን አየ!

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ወላጅ እንዲህ ያለውን ሲሰማ «ይህ ልጅ ማንበብ አይችልም» ብሎ ይቆጣል። እኛ በዚህ አንስማማም። የእኛ ልጆች ትምህርት የጀመሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ሆኖ ሲወሰድ የሚጠብቅ ድምፅ ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ ተደርጓል። «ቢታ» ላልቶ ግራ ማለት ነው፣ ጠብቆ ግዢ ማለት ነው፤ በጽሑፍ ላይ ግን ሁለቱ ለየቅል ስለሆኑ ሕፃን እንኳ አይሳሳታቸውም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እነዚሁ ልጆች መድረሳ ይሄዳሉ። እዚያም «ደረሰ» ተማረ ሲሆን፣ በመካከለኛው ፊደል ላይ ሸድዳ ሲቀመጥበት «ደርረሰ»፣ አስተማረ ይሆናል። ሸድዳዋን የዘለለ ልጅ ኡስታዙ ምን እንደሚሉት ያውቃል። እንግዲህ ጥዋት በቁቤ፣ ከሰዓት በሸድዳ የሠለጠነ ዓይን ወደ አማርኛ ሲመጣ ፊደሉ ዝም ይልበታል። ልጁ የተጻፈውን ነው ያነበበው፤ ያልተጻፈውን ከየት ያምጣው?

አዋቂ አማርኛ አንባቢ አፉን ከመክፈቱ በፊት ዓረፍተ ነገሩን እስከ ዳር በዓይኑ ሰርቆ ያያል። ማጥበቅና ማላላቱን የሚነግረው ፊደሉ ሳይሆን ስለ ነገሩ አስቀድሞ የሚያውቀው ነው። የሠርግ ወሬ ሲሆን ይህ ብልሃት ይሠራል። የሳይንስ ጽሑፍ ግን የሚነበበው ያልታወቀውን ለማወቅ ነው! በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ይደረጋል፤ ለምን ከዚያ እንዳልወጣ ይገርመናል። እኛ ቤት ትልቋ ልጅ ከንባቡ በፊት አጠራጣሪ ቃላቱን በእርሳስ እንዲህ ትነጥባቸዋለች።

ነጥብ ግን ሁሉን አይፈታም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ የተነበበው ስለ ጠፈር ነበር። በእንጦጦ ተራራ ላይ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች እንደተተከሉ ልጆቹ ያውቃሉና ጸጥ ብለው ያዳምጡ ነበር። ኤድዊን ሃብል የሚባለው አሜሪካዊ በ1929 እ.ኤ.አ. ሩቅ ያሉ ጋላክሲዎች ከእኛ እየራቁ መሆናቸውን ማሳየቱ ተነበበና «ስለዚህ ዩኒቨርስ ይሰፋል» ተባለ። ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን መርካቶ ልብስ ሲሰፉ የኖሩት አክስታችን ቀና አሉና «ምን ቀዶት?» አሉ። የሚሰፋ ልብስና የሚሰፋ ሰማይ ፊደላቸው አንድ ነው።

ሽማግሌዎች የሚስቱት ከልጆቹ በሌላ መንገድ ነው። እነሱ ቃሉን በትክክል ይሰሙታል፤ ችግሩ ቃሉ ከሳይንስ በፊት ሌላ ቤት የኖረ መሆኑ ላይ ነው። ስለ ኩፍኝ ሲነበብ «መጀመሪያ ፊት ላይ ሽፍታ ይወጣል» ሲባል አባታችን «በእኛ ጊዜስ የሚወጣው ጫካ ነበር» አሉ። ሌላ ቀን «የሰው ልጅ አካል ከ30 ትሪሊዮን በማያንሱ ሕዋሳት የተገነባ ነው» ሲባል እንግድነት የመጡ ጎረቤት ደንገጥ ብለው ወደ በሩ ዞር አሉ። አንባቢያችን የ1969ን እና የ1970ን ዘመን የት ያውቃል! ያኔ «ሕዋስ» የኅቡዕ ድርጅት ክፍል ስም ነበር፤ በዚህ ቃል ስንቱ ወጣት ከቤቱ ተወስዶ ቀርቷል። ሰውዬው የነገሩን ምንነት ሲረዱ ትንፋሻቸውን ለቀቁና «ታዲያ ይህን ሁሉ ያደራጀው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አባታችን ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም። ቡራዩ ያሉ አንዲት እናት፣ የቅርብ ጎረቤታችን ናቸው፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ደም ብዛት አለብዎት ተብለው ኪኒን ታዘዘላቸው። ከወራት በኋላ በሌላ ቦታ ሲመረመሩ ደም ማነስ ተገኘባቸው። «አንዱ በዛ ይላል፣ አንዱ አነሰ ይላል፤ ወይ ከሁለት አንዱ ዋሽቷል፣ ወይ ኪኒኑ ደሜን ጨርሶታል» ብለው መድኃኒቱን ተዉት። በዚያ ላይ «ደም ብዛትን የሚቀንሱ ምግቦች» የሚል ጽሑፍ ተነቦላቸው እነዚያን ምግቦች እንደ ጠላት ሸሿቸው። በአማርኛው እንሂድ ካልን ስሌታቸው ፍጹም ትክክል ነበር። በዛና አነሰ በአንድ ሰው ላይ እንዴት ይገናኛሉ?

ይገናኛሉ። ደም ብዛት የሚሉት የደም መጠን መብዛት አይደለም። የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፤ በሽታው ሲይዘውም ያው ነው። የሚጨምረው ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። በተደጋጋሚ ሲለካ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ሲሞላ ወይም ሲያልፍ በሽታ ይባላል። ደም ማነስ ደግሞ በደሙ ውስጥ ኦክስጂን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ማነሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላል። ግፊቱ ሳይታወቅ ሲከርም አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒት ማቆም አደገኛ ነው። ጨውን የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለእናትየው ያስረዳቻቸው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው ናት። ግቢ ውስጥ የውሃ ጎማ ከፈተችና ጫፉን በአውራ ጣቷ ጠበብ አደረገችው፤ ውሃው አጥሩን ተሻግሮ ተፈናጠረ። «እማዬ፣ ውሃው በዛ?» አለቻቸው። «አልበዛም» አሉ። «ታዲያ ምን ሆነ?» «ገፋ።» በማግሥቱ ወደ ሐኪማቸው ተመለሱ፤ ኪኒኑንም ቀጠሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ዛሬ «የደም ግፊት» ብለው የሚጽፉ በዝተዋል፤ በሰፈሩ አፍ ግን አሁንም ደም ብዛት ነው። ልጅቷ የመድኃኒቱን ካርቶን ገልብጣ በትልልቅ ፊደል «የግፊት» ብላ ጽፋበታለች።