አባት ዓሣ ነባሪ፣ ልጅ እንሽላሊት ያሉት የራስ ቅል

በኔዘርላንድስ ደቡብ፣ በማስትሪክት ከተማ አጠገብ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ኮረብታ የሚባል ስፍራ አለ። ለዘመናት የኖራ ድንጋይ ሲፈለጥበት ስለኖረ ውስጡ በዋሻ የተሞላ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ድንጋይ ፈላጮች ከዚያ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ፣ ግዙፍ መንጋጋ ያለው የራስ ቅል አወጡ። እንስሳው ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ይኖር እንደነበር ዛሬ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ግን ምንነቱ ብዙ አከራከረ።

ከኮረብታው የሚወጡትን አጥንቶች ይሰበስብ የነበረው ሐኪሙ ሆፍማን «አዞ ነው» አለ። ይህ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ረጅም መንጋጋና ሾጣጣ ጥርስ ያየ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው አዞን ነው። በአናቶሚ ዕውቀቱ በአውሮፓ የተከበረው ሆላንዳዊው ፔትሩስ ካምፐር ግን በ1786 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የአዞውን ግምት ውድቅ አድርጎ፣ ጥርስ ያለው ዓሣ ነባሪ ነው ሲል ደመደመ። አጥንቶቹ ከባሕር ቀንድ አውጣዎችና ዛጎሎች ጋር ተቀብረው መገኘታቸው ለዚህ አሳብ የተመቸ ነበር።

ካምፐር በ1789 ሞተ። ልጁ አድሪያን አባቱ ያከማቻቸውን አጥንቶች እንደገና መረመረ፤ ከእንሽላሊቶች አጥንት ጋርም አስተያየ። የደረሰበትም እንስሳው በአማርኛ አርጃኖ ለሚባለው ትልቅ እንሽላሊት የሚቀርብ መሆኑን ነው። አባት ባወረሰው ስብስብ የዚያኑ አባት ፍርድ መሻር፣ አባቱም ካምፐርን የመሰለ ሊቅ ሲሆን፣ ቀላል ነገር አይደለም። አድሪያን ግን አልሸሸገውም፤ ወደ ፓሪስ ለጆርጅ ኪዩቪዬ ጽፎ አስታወቀ።

የራስ ቅሉ ራሱ ያን ጊዜ ፓሪስ ነበር። የፈረንሳይ ጦር በ1794 ማስትሪክትን ሲይዝ ከምርኮው ጋር ወስዶታል። የተሸሸገበትን ላገኙ ወታደሮች 600 ጠርሙስ ወይን ተሰጠ የሚባለው ለጨዋታ ይጥማል እንጂ ተረት ይመስላል። ኪዩቪዬ በ1808 ባወጣው ጥናት የልጁን አሳብ አጸና። ከማስረጃዎቹ ዋነኛው ከላንቃው ላይ የበቀሉት ትንንሽ ጥርሶች ናቸው። አዞ ላንቃው ላይ ጥርስ የለውም፤ ዓሣ ነባሪም እንዲሁ። እባብና አንዳንድ እንሽላሊቶች ግን አላቸው። አርጃኖ ራሱ ስለሌለው፣ ኪዩቪዬ እንስሳውን በአርጃኖና በኢጉዋና መካከል አስቀመጠው። ክርክሩን የፈታው ያን ያህል ከሚያስፈራው መንጋጋ ይልቅ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር መሆኑ ያስደንቃል።

በ1822 እንግሊዛዊው ዊሊያም ኮኒቤር ለእንስሳው ሞሳሳውረስ፣ ማለትም የመዝ ወንዝ እንሽላሊት፣ የሚል ስም አወጣለት፤ ወንዙ በማስትሪክት በኩል ያልፋል። በ1829 ደግሞ ጊዲዮን ማንቴል የዝርያ ስም ጨመረለት፤ የመረጠውም አዞ ነው ያለውን የሆፍማንን ስም ነው። የራስ ቅሉ እስከ ዛሬ በፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።