ባትሪው አልሞተም፣ በርዶታል

የቁስቋም ኮረብታ ለከዋክብት እንግዳ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ኳድራንትና ቴሌስኮፕ ይዞ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ተቀምጦ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥቱን ልጆች አከመ፤ የጎንደርንም ኬክሮስ ከሰማይ ለካ። መሣሪያው ናስና መስተዋት ስለነበር ብርድ አያጠፋውም።

የዛሬው የሰማይ ፎቶ አንሺ ግን ያለ ባትሪ አንድ እርምጃ አይሄድም። ሰማዩ ጥርት የሚለው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ቁሩም የሚበረታው ያኔ ነው። ከፍታው ከ3,600 ሜትር በማያንሰው የሰሜን ተራሮች ጨነቅ ሰፈር ሌሊቱ ከ0 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቤት ሳለ ሙሉ የነበረው ባትሪ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ካሜራውን ያጠፋል። የከዋክብትን ዑደት ለማንሳት ሰዓታት የፈጀው ሥራ መሐሉ ላይ ይበጠሳል፤ ባትሪ እስኪቀየር ያለፈው ጊዜም በፎቶው ላይ ክፍተት ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ባትሪው ሞተ» ይላል። አልሞተም። ሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ አዮኖቹ በዝግታ ይጓዛሉ፤ ባትሪው ኃይል እያለው መስጠት ያቅተዋል። ሲሞቅ አብዛኛው ይመለሳል። እውነተኛው ጉዳት የሚመጣው ተደናግጦ የቀዘቀዘውን ባትሪ ወዲያው ቻርጅ ማድረግ ሲጀመር ነው። ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ መግባት ትቶ ላዩ ላይ ይለጠፋል። ያ ጉዳት አይመለስም፤ ከባሰም ለእሳት ያጋልጣል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ተለዋጭ ባትሪ የሚቀመጠው በቦርሳ ሳይሆን በደረት ኪስ፣ ከጋቢ ሥር ነው። ሁለቱን እያፈራረቁ ማሞቅ ይቻላል። የካሜራው ስክሪንና ዋይፋይ ይጥፋ። ለረጅም ሥራ ካሜራውን የሚያንቀሳቅስ ፓወር ባንክ በጨርቅ ተጠቅልሎ በገመድ ቢገናኝ ክፍተቱ ይቀራል። ቻርጅ ማድረግ ቤት ገብቶ፣ ባትሪው ከሞቀ በኋላ ነው።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። ከጎንደር ሰማይ የሰሜን ኮከብም የደቡብ መስቀልም ይታያሉ፤ ይህን ሁሉም አገር አያገኘውም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሹ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ ዓለም ወደዚህ አንጋጦ ነበር። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት። ሰማዩን የሚያነሳው ወጣት ግን ያለውን መሣሪያ እንዴት እንደሚጠብቅ የሚነግረው ሰው እምብዛም የለውም። ሌሊት ከቤት መውጣት ራሱ በከበደበት በዚህ ጊዜ፣ የተገኘች አንዲት ጥርት ያለች ሌሊት በባትሪ ምክንያት ልትባክን አይገባም። ትምህርት ቤቶችና የሳይንስ ክበቦች ስለ ጠፈር ሲያወሩ ከዚህች ትንሽ እውቀት ቢጀምሩ ብዙ ያተርፋሉ።